አጥርን በባለቤቱ ፈቃድ መነቅነቅ፦ የመረጃ ጥበቃ ሙያ ታሪክና የእኛ ልጆች



«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። የሰው አጥር የሚነቀንቅ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ጠበኛ ነው፣ አለዚያም ባለቤቱን ከሰው ያልቆጠረ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ራሱ ጎረቤቱን ጠርቶ «እባክህ፣ አጥሬን ነቅንቅልኝ፤ የላላው እንጨት የቱ እንደሆነ ጅብ ሳያገኘው እኔ ልወቀው» ቢለውስ? በዚህ ጽሑፍ የምናወጋችሁ የዚህን ሥራ ታሪክ ነው። ሥራው በዛሬው አጠራር «ኢቲካል ሃኪንግ» ይባላል። በዕብራይስጥ ፈተናውን «ሚቭዳክ ሐዲራ» ይሉታል። እኛ «በባለቤቱ ፈቃድ ሰርጎ ገብቶ መፈተሽ» ብንለው ያስኬዳል።

ለመጻፍ ያነሣሡን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በአንዲት እናታችን ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ከባንክ ነኝ አላቸው። ስማቸውን፣ የቴዑዳት ዜሁት ቁጥራቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ጠራላቸው። «ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሐሰተኛ ይሆናል» ብለው አመኑት፤ በስልካቸው የደረሳቸውንም የምሥጢር ቁጥር አነበቡለት። ለልጅ ልጃቸው ባር ሚጽቫ ያጠራቀሙት ገንዘብ በዚያው ሰዓት ሄደ። ማኅበራችን የቤተሰቦችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የልጆች ዝርዝር በኮምፒዩተር ይዟል። ስለሆነም ተሰብስበን ራሳችንን ጠየቅን፤ ያ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አገኘው? «ከእኛ አልወጣም» ብለን ለመማል አልቻልንም። ያሳፈረንም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ አንድ አባት ቢሯችን መጥተው ያቀረቡት ጥያቄ ነው። የ16 ዓመት ልጃቸው ሃኪንግ መማር እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል። «ልጄ ሌባ ሊሆን ነው ወይ?» አሉን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለእኚህ አባትም ሆነ ለዚያች እናት የሚሆነው መልስ ከአንድ ታሪክ ስለሚገኝ ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብረት የሚያውቅ ሰው ለምን ይፈራ ነበር?

እንደሚታወቀው አባቶቻችን በጎንደር፣ በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን ርስት እንዳይኖራቸው ከተደረገ በኋላ ኑሯቸውን ከመሠረቱባቸው ነገሮች ዋናው የእጅ ሥራ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ቢላዋው ከእነርሱ እጅ ይወጣል። ያለ እነርሱ ማረሻ የአገሩ ገበሬ አንዲት ትልም ማውጣት አይችልም ነበር። ነገር ግን ቀን ማረሻውን ያሠራው ገበሬ ማታ ልጁን ከቀጥቃጩ ዓይን ይሸሽጋል። «ቡዳ ነው» ይላል፤ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይላል። ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ሌላም ነገር ሳይለውጥ አይቀርም የሚል ፍርሃት ነበር።

ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት ብለን አይደለም። ሰው የማያውቀውን ሙያ እንደሚጠረጥር ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ከአንዱ ከሰል፣ ከአንዱ ወናፍ ማረሻም ጦርም ይወጣል። ቀጥቃጩን መመዘን ያለብን በሠራው ሥራ እንጂ እሳት በማወቁ አይደለም። ልጆቻችን የኮምፒዩተርን ምሥጢር ሲማሩም ልንመዝናቸው የሚገባን በዚሁ ሚዛን ነው።

የለንደኑ ቁልፍ

በፈቃድ ሰብሮ የመፈተሽ ሥራ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ1851 በለንደን ከተማ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዞች ሊከፈት የማይችል ቁልፍ ሠርተናል ብለው ይኮሩ ነበር። አንደኛው የቸብ ኩባንያ ቁልፍ ነው። ሌላው የብራማህ ሱቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመስኮቱ ላይ አስቀምጦት የቆየው ቁልፍ ሲሆን፣ ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ከጎኑ ተጽፎ ነበር።

አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣና የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተው። ከዚያም ወደ ብራማህ ቁልፍ ዞረ። ይህኛው ቀላል አልነበረም። በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ 51 ሰዓት ፈጀበት፤ ሆኖም ተከፈተ፤ ሽልማቱም ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ ዛሬም የሚሰማ ክርክር ተነሣ። «እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ማሳየት ሌባን ማስተማር ነው» ያሉ ነበሩ። የሆብስ ወገን መልስ ግን ሌቦች ስለ ቁልፍ የሚያውቁት እኛ ልናስተምራቸው ከምንችለው ይበልጣል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው የሚል ነበር። ቁልፍ ሠሪዎችም ከዚያ በኋላ ቁልፎቻቸውን አሻሻሉ። ሆብስ ቁልፉን በጓሮ በሌሊት ሳይሆን በባለቤቶቹ ዕውቀት፣ ምስክሮች ባሉበት እንደከፈተው ልብ እንበል።

ከቁልፍ ወደ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ምሥጢር መያዝ ከጀመረ በኋላ የለንደኑ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። የአሜሪካ አየር ኃይል «ማልቲክስ» የተባለውን፣ በጊዜው ከሌሎቹ ሁሉ በጥበቃ የተሻለ ይባል የነበረውን የኮምፒዩተር ሥርዓት አስመረመረ። ፖል ካርገርና ሮጀር ሼል የተባሉት ባለሙያዎች በ1974 ባቀረቡት ዘገባ ሥርዓቱ ሊገባበት እንደሚችል አሳዩ። የሠሩት በአለቆቻቸው ትእዛዝ ነበር፤ ያገኙትንም ጽፈው አስረከቡ። ፈቃድ፣ ፍተሻና የጽሑፍ ዘገባ፤ የዚህ ሙያ ሦስት ጉልቻዎች እነዚህ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይገለበጣል።

በ1993 ዳን ፋርመርና ቪትሰ ቬኔማ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊዎች የገዛ ራሳቸውን ቤት ሰብረው በመግባት ጥበቃውን እንዲያሻሽሉ የሚመክር ጽሑፍ አወጡ። በ1995 ደግሞ «ሳታን» ብለው የሰየሙትን የመፈተሻ ፕሮግራም ለማንም ሰው በነፃ ለቀቁት። ስሙም ሥራውም ብዙ ሰው አስደነገጠ። ለሌባ ቁልፍ እንደማደል ነው ተባለ። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ መፈተሻ የሌለው ትልቅ ድርጅት ማግኘት ያስቸግራል። በዚሁ በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ በፕሮግራሙ ላይ ስሕተት አግኝቶ ለሚነግረው ሰው እንደሚከፍል አስታወቀ። ስሕተት ነጋሪን ማሳደዱ ቀርቶ ማመስገኑ በዚያን ጊዜ መለመድ ጀመረ።

በእስራኤል አገር

ብዙዎቻችን በ1984 በሱዳን በኩል በሞሼ ዘመቻ፣ ወይም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ መጥተን በካራቫንና በሆቴል ኡልፓን ስንማር፣ በዚህችው አገር ሌላ ነገር እየተጀመረ ነበር። በ1993 ጊል ሽዌድ፣ ማሪዩስ ናኽትና ሽሎሞ ክራመር የተባሉ ሦስት ወጣቶች «ቼክ ፖይንት» የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ሥራቸው በድርጅት ኮምፒዩተሮችና በውጪው ዓለም መካከል የሚቆም «ፋየርዎል» የተባለ የበር ጠባቂ ፕሮግራም መሥራት ነበር። የእስራኤል ስም በመረጃ ጥበቃ ሙያ በዓለም መታወቅ የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ1995 ክኔሴት የኮምፒዩተር ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ወላጅና ልጅ ይህን ሕግ ሊያውቀው ይገባል። በአንቀጽ 4 መሠረት ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ወዳለ ነገር ሰርጎ መግባት እስከ 3 ዓመት እሥራት ያስቀጣል። የገባው ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ከሆነ በአንቀጽ 5 መሠረት ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ልብ በሉ፤ «ምንም አልሰረቅሁም፤ ለማየት ብቻ ነው የገባሁት» የሚለው ቃል ከአንቀጽ 4 አያድንም። ሰው ቤት ሳይጠሩ መግባት ዕቃ ባያነሡም ነውር እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ሕጉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 የካቲት ወር፣ አሜሪካ በኢራቅ ላይ ጦር ለማዝመት ስትዘጋጅ የጦር ኃይሏ ኮምፒዩተሮች ተደፈሩ። በመጀመሪያ የተጠረጠረችው ኢራቅ ነበረች። ተፈልጎ ሲገኝ ግን ሁለቱ የካሊፎርኒያ ታዳጊዎች ሆኑ፤ ሦስተኛው ከፔታሕ ቲክቫ ብዙም በማትርቀው በሆድ ሃሻሮን ይኖር የነበረ፣ ራሱን «አናላይዘር» ብሎ የሚጠራ የእስራኤል ወጣት ነበር። የገቡበት ቀዳዳ አስቀድሞ የታወቀና መድፈኛውም የወጣለት ነበር፤ ያልደፈኑት ባለቤቶቹ ናቸው። በአገራችን ግማሹ ሰው ወጣቱን ተቆጣው፤ ግማሹ ጎበዝ ነው ብሎ አደነቀው። ያ ወጣት በእስራኤል ተፈረደበት፤ በ2008 ደግሞ ከባንክ ካርድ ጋር በተያያዘ የኮምፒዩተር ማጭበርበር ተጠርጥሮ በካናዳ ተያዘ። ዕውቀት ነበረው፤ ፈቃድ ግን አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውም ሊነገር ይገባል። በ1998 ሰርጎ ገቦችን ያሳደደው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2016 ራሱ በሩን ከፍቶ ፈታሾችን ጋበዘ። ከ1,400 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ 138 እውነተኛ ቀዳዳዎችም ተገኙ፤ ላገኙትም ገንዘብ ተከፈላቸው። ሥራው ያው አጥር መነቅነቅ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የነቀነቁት ተጠርተው ነው።

በ2004 በኢየሩሳሌም የሰላም ፍርድ ቤት አንድ ወጣት የሞሳድን የኢንተርኔት ገጽ ጥበቃ ሲፈትሽ ተገኝቷል ተብሎ ተከስሶ ነበር። ዳኛው በነፃ አሰናበቱት። ይህ ፍርድ በውጪ ቆሞ በሩ መዘጋቱን በማየትና በሩን ከፍቶ በመግባት መካከል ልዩነት እንዳለ ያሳያል። ሆኖም ልጆቻችን «እንግዲያው ይፈቀዳል» እንዳይሉ አደራ እንላለን። ያ ወጣት ነፃ የወጣው ተከስሶና ፍርድ ቤት ተመላልሶ ነው። አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ የተቀበለ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያይም።

የተስፋ በር ከተማ

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ እንመለስ። ፔታሕ ቲክቫ በ1878 ከኢየሩሳሌም በመጡ አይሁድ ተመሠረተች፤ የሞሻቮት እናትም ትባላለች። ስሟ ከነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «የተስፋ በር» ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በወባ ተጠቅተው ቦታውን ለቀው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው አቀኗት። ከሽማግሌዎቿ ስሙ የሚነሣው አብርሃም ሻፒራ በፈረስ እየዞረ ማሳዋንና የብርቱካን እርሻዋን ያስጠብቅ የነበረ የጠባቂዎች አለቃ ነው። እርሱ በ1965 ዐረፈ። የተስፋው በር ለእኛ ወገን ሁልጊዜ ወለል ብሎ አልተከፈተም። በ2009 በዚሁ ከተማ አንዳንድ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው ወላጆች መታገላቸውን የምታስታውሱ አላችሁ።

የፈረሱ ጠባቂ ዘመን ካለፈ በኋላ ከተማይቱ ሌላ ዓይነት ጠባቂ አገኘች። በ1999 አሎን ኮኸንና ኡዲ ሞካዲ የመሠረቱት «ሳይበርአርክ» የተባለ ኩባንያ የእስራኤል ዋና ቢሮውን በፔታሕ ቲክቫ አደረገ። በ2014 በኒው ዮርክ የናስዳክ ገበያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ። በ2025 ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ25 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊገዛው ተስማማ። የተነሣበት አሳብ ግን ቀላል ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ብዙ ቁልፍ አለ፤ ሆኖም ሁሉንም ክፍል የሚከፍት አንድ የአለቃ ቁልፍ አለ። ሌባ የጸሐፊዋን ቁልፍ ቢሰርቅ አንድ ክፍል ይገባል፤ የአለቃውን ቢሰርቅ ግን ቤቱ በሙሉ የእርሱ ነው። ስለዚህ የአለቃውን ቁልፍ በጠንካራ ሣጥን መቆለፍ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደወሰደው መመዝገብ፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ መረከብ ያስፈልጋል።

ይህ ኩባንያ እንደ ሌባ እያሰቡ አዲስ አደጋ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ቀጥሯል። በኅዳር 2017 እነዚህ ተመራማሪዎች «ጎልደን ሳምል» ብለው የሰየሙትን አደጋ ይፋ አደረጉ። ነገሩን በእኛ አገር ምሳሌ እናስረዳው። አንድ ሰው ከወረዳ የይለፍ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ሌሎቹ ቢሮዎች ሰውየውን ባያውቁትም ማኅተሙን አይተው ያሳልፉታል። በትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒዩተርም ነገሩ ይኸው ነው። ሠራተኛው አንድ ቦታ ማንነቱን ያስመሰክራል፤ ባለማኅተም ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ሌሎቹ በሮች ማኅተሙን አይተው ይከፍቱለታል። እንግዲህ ሌባ ማኅተሙን ራሱን ቢሰርቅ በፈለገው ሰው ስም የፈለገውን ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሠራተኞቹ የምሥጢር ቃላቸውን ቢለውጡም አያግደውም። መድኃኒቱ አንድን ቀዳዳ መድፈን ሳይሆን ማኅተሙን ከሁሉ በላይ መጠበቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020፣ «ሶላርዊንድስ» በተባለው ኩባንያ ፕሮግራም በኩል ብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች መደፈራቸው ታወቀ። የአሜሪካ መንግሥት ድርጊቱን የሩሲያ የስለላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው አለ። ሰርጎ ገቦቹ ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው የተሰረቀ ማኅተም ነበር። ማስጠንቀቂያው ከአደጋው ሦስት ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉን አንሥቶ የሚመታ ሰው ሲጠፋ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ጉዳቱ ለማን ነው?

አንዳንድ ወገኖቻችን «ይህ የኩባንያና የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን» ይሉ ይሆናል። በጥቅምት 2021 በሐዴራ የሚገኘው የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ኮምፒዩተሮች በሰርጎ ገቦች ተቆለፉ። ሐኪሞችና ነርሶች የሕመምተኛውን ታሪክ በወረቀትና በእስክርቢቶ ለመጻፍ ተገደዱ፤ አስቸኳይ ያልሆነ ሕክምናም ተስተጓጎለ። እንግዲህ ዕብራይስጥ የማይችሉ አረጋዊት እናት በዚያን ዕለት ሄደው ቢሆን ምን ሊሆኑ ነበር? የሚወስዱትን መድኃኒት የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያም ነገሩ ታውቆ ተሠርቶበታል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኋላ አስተዳደር የተባለው፣ በ2006 ተቋቋመ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2016 ወጣ። በሰኔ 2020 ኤጀንሲው ከግብፅ የተነሡና ከዓባይ ግድብ ጋር የተያያዘ ዓላማ ያላቸው የኮምፒዩተር ጥቃቶችን ማክሸፉን አስታወቀ።

ሌላውም ገጽታ መሸፈን የለበትም። በታኅሣሥ 2017 «ሲትዝን ላብ» የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ባወጣው ዘገባ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ጥቅም ላይ መዋሉን ገልጿል። ለሰዎቹ በኢሜይል መልእክት ይላክላቸዋል፤ ቪዲዮውን ለማየት ፕሮግራም ማደስ ያስፈልጋል ይላል፤ የሚታደሰው ነገር ግን ሰላይ ነው። እዚህ ላይ ዕውቀቱም ገንዘቡም ነበር፤ የኮምፒዩተሩ ባለቤት ፈቃድ ግን አልነበረም። ስለሆነም ሰርጎ መግባትን ሥነ ምግባር ያለው የሚያደርገው የሠሪው ማዕረግ፣ የኩባንያው ስም ወይም የከፈለው መንግሥት አይደለም፤ አጥሩ የሚነቀነቅበት ሰው እሺ ማለቱ ነው።

የእኛ ልጆችና ሙያው

አሁን «ልጄ ሌባ ሊሆን ነው ወይ?» ላሉት አባት እንመልስ። አይደለም፤ መንገዱን ካሳዩት አይሆንም። ከእኛ ወገን በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱ አሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሸር ኤልያስ የተባለው ወገናችን «ቴክ ካሪየር» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የቤተ እስራኤል ወጣቶች በናሕሾን ኪቡጽ እየኖሩ የኮምፒዩተር ሙያ እንዲማሩና በሃይቴክ ኩባንያዎች እንዲቀጠሩ አደረገ። ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ «ማግሺሚም» የተባለው ፕሮግራም ከመሐል አገር ርቀው ለሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይበር ማስተማር ያዘ። ከዚያ የወጡ ወጣቶች በሠራዊቱ የቴክኖሎጂ ክፍሎች ለማገልገል ይዘጋጃሉ፤ ከሠራዊት በኋላም የሥራው በር ይከፈትላቸዋል።

ትምህርቱ ምን እንደሆነ ወላጅ ቢያውቅ ይበጃል። ተማሪው በመጀመሪያ መልእክት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ ይማራል። ቀጥሎ «ሊኑክስ» የተባለውን ሥርዓትና አንድ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ለምሳሌ «ፓይተን»ን፣ ይማራል። ልምምዱን የሚያደርገው በራሱ ኮምፒዩተር ወይም ለልምምድ ተብለው በተዘጋጁ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው። ኋላም የሙያ ምስክር ወረቀት አለ፤ ከ2003 ጀምሮ የሚሰጠው «ሲ.ኢ.ኤች.» አንዱ ነው፤ «ኦ.ኤስ.ሲ.ፒ.» የተባለው ደግሞ አንድ ቀንና ሌሊት ያህል የሚፈጅ የተግባር ፈተና አለው። ከዚህ ሁሉ ጋር ቋንቋ ያስፈልጋል። ያገኘውን ቀዳዳ በንጹሕ ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ጽፎ ማስረዳት የማይችል ፈታሽ ግማሽ ፈታሽ ነው። «ልጄ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ለምን ድርሰት ይጻፍ» የምትሉ ወላጆች ይህን አስቡበት።

ልጃችሁን የምትጠይቁት ጥያቄም ይህ ይሁን፦ «የምትፈትሸው የማንን ነው? እሺ ብሎሃል? የታለ ወረቀቱ?» ይህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልግም። የሰው አጥር አክብሮ ያደገ ሁሉ ይችለዋል።

በቢሯችን ያገኘነው

እኛም በመጨረሻ ያስተማርነውን በራሳችን ላይ ሞከርነው። ሙያውን የተማሩ ሁለት ወጣቶቻችንን ጠርተን ፈቃድ ጽፈን ሰጠናቸው። ወረቀቱ ምን እንዲነኩ፣ ምን እንዳይነኩ፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚሠሩና ያገኙትን ለማን ብቻ እንደሚነግሩ ይናገራል። ሊቀ መንበሩና ጸሐፊዋ ፈረሙበት።

ያገኙት ነገር ረቂቅ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም። የኮምፒዩተሩ የምሥጢር ቃል በወረቀት ተጽፎ ከመስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል፤ ከአዳራሹ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀ ሠራተኛ ቁልፍ አሁንም ይሠራል። የቤተሰቦች ዝርዝር ለበዓል ስጦታ ሲባል ለበጎ ፈቃደኞች በሙሉ በስልክ ተልኳል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ለማን እንዳስተላለፈው አይታወቅም። ወጣቶቹ «ጥቅል መጥቶላችኋል» የሚል የሐሰት መልእክት ለሠራተኞቻችን ሲልኩ ከአምስቱ ሦስቱ ከፈቱት። ከሦስቱ አንዱ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው።

ወጣቶቹ ማንንም ሳያዋርዱ ሁለት ገጽ ጽፈው አስረከቡን። የምሥጢር ቃሉን ቀየርን፤ ከስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ጨመርንበት። የለቀቁ ሰዎችን ቁልፍ ዘጋን። የመታወቂያ ቁጥሮችን ከበዓል ዝርዝሩ አወጣን፤ ስጦታ ለማደል ስምና አድራሻ ይበቃልና። ያን የቀድሞ ዝርዝር ግን ከተበተነበት መልሰን ልንሰበስበው አልቻልንም። ለእናታችንም ሄደን ያገኘነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። እርሳቸውም «ለሌሎቹ ንገሩ» አሉን። ይህን ጽሑፍ ያወጣነው ቃላቸውን አክብረን ነው።

ስለሆነም በስልክ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቃችሁን ማንንም ሰው፣ ስማችሁንና ቁጥራችሁን ቢያውቅም፣ አትመኑ። ስልኩን ዝጉና በካርዳችሁ ጀርባ ወደ ተጻፈው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። የተጠራጠራችሁት መልእክት ካለ የብሔራዊው የሳይበር ዳይሬክቶሬት ስልክ 119 ነው። ልጆቻችሁ ሙያውን መማር ከፈለጉ ወደ ቢሯችን ላኳቸው፤ የት እንደሚማሩ አብረን እንጠይቃለን። ወጣቶቻችን በየዓመቱ አጥራችንን እንዲነቀንቁልን ወስነናል። የሚቀጥለውን ፈቃድ ጽፈን ፈርመንበታል።

በቸር ያገናኘን።